ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተቀባ፣ አሸንዳውን ግን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ባወጣችሁት እትም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች በአቅራቢያቸው የሚገኝ ትምህርት ቤት ሲቀቡና ሲያጸዱ መዋላቸውን የሚገልጽ ዘገባ ከነፎቶግራፉ አንብቤያለሁ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ወጣቶች ደስታ ከልብ የመነጨ ስለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ የዘገባውም ዓላማ በጎ ነው። ሆኖም ዘገባው ስንት ሠራተኛ እንደተሳተፈ፣ በድምሩ ስንት ሰዓት እንደተሠራና ስንት ክፍል እንደተቀባ በቁጥር ሲነግረን፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ያን ቀን ለማስተናገድ ስንት ሰዓት እንዳወጡ፣ ቀድሞውንም የጠየቁት ምን እንደነበርና የጠየቁትን አግኝተው እንደሆነ አንድም ቃል አላሰፈረም። ይህ የዘጋቢያችሁ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በድርጅቶች የበጎ አድራጎት ሥራ ውስጥ የሰጪው መዝገብ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ የተቀባዩ መዝገብ ግን ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ ስላልተከፈተው መዝገብ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ይህን ለማለት የደፈርኩት ነገሩን ከሁለቱም ወገን ተቀምጬ ስላየሁት ነው። ለአሥራ አንድ ዓመታት በአንድ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስሠራ የበጎ ፈቃድ ቀን አዘጋጅ ነበርኩ፤ ባነሩን ያሳተምኩት፣ ቲሸርቱን በየልኩ ለይቼ ያከፋፈልኩት፣ ፎቶ አንሺውን «አርማው እንዳይቆረጥ» እያልኩ ከኋላው የተከተልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመታት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የቀን አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ፣ እነዚያኑ ባነሮች በር ላይ ቆሜ ስቀበል ኖሬያለሁ። አንዱን ወንበር ለቅቄ በሌላው ላይ እስክቀመጥ ድረስ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር።

የበጎ ፈቃድ ቀን በተቀባዩ ግቢ ውስጥ የሚጀምረው በስልክ ነው። «አርባ ሠራተኞች አሉን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እንመጣለን፤ ምን እናግዛችሁ?» ይባላል። ጥያቄው ትሕትና ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑ ተቆርጧል፣ የሰዉ ብዛት ተወስኗል፣ ለተቀባዩ የተተወለት ለአርባ ሰው የሚበቃ፣ በአንድ ጠዋት ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ሙያ የማይጠይቅ፣ አደጋ የሌለውና በፎቶግራፍ የሚያምር ሥራ ፈልጎ ማቅረብ ብቻ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሟላ ሥራ ከቀለም ቅብና ከችግኝ ተከላ በቀር እምብዛም አይገኝም። የኩባንያ ሠራተኞች በየአገሩ ብሩሽ ይዘው የሚታዩት የዓለም ችግር ሁሉ የቀለም እጦት ስለሆነ ሳይሆን፣ ለእንዲህ ያለ ቅዳሜ የሚስማማ ሌላ ሥራ ስለሌለ ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል፤ በእኛ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጡት አንድ ሎሚ ለመሸከም ሃምሳ ሰዎች ነበሩ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የማዕከሉ ሥራ ይጀምራል። አረጋውያኑ የቀለም ሽታ እንዳይጎዳቸው ወደ ሌላ ክፍል መዛወር አለባቸው፤ ሌላው ክፍል ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ስለሆነ የሳምንቱ ቀጠሮ ሁሉ ይሸጋሸጋል። አልጋና ወንበር ይወጣል፣ የማይወጣው ይሸፈናል፣ መሰላል ከጎረቤት ይለመናል፤ ማን ወደ የትኛው ክፍል መግባት እንደሚችልና ማን ፎቶግራፍ መነሳት እንደማይፈልግ ዝርዝር ይዘጋጃል። በዕለቱ የእረፍት ቀናቸው የነበረ ሠራተኞቻችን ይጠራሉ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ የመስኮት መስታወት ላይ የደረቀውን ቀለም በምላጭ ስትፍቅ ትውላለች፤ ጠርዝ ጠርዙን የሚያስተካክል ባለሙያ ቀለም ቀቢም በማዕከሉ ገንዘብ ይቀጠራል። አንድ ጊዜ ሒሳቡን ለማወቅ ያህል ብቻ በማስታወሻ ደብተሬ መዝግቤው ነበር። አርባዎቹ እንግዶች አራት አራት ሰዓት ስለቆዩ የኩባንያው ሪፖርት 160 የበጎ ፈቃድ ሰዓት ብሎ ጻፈ፤ የእኛ ዘጠኝ ሠራተኞች ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ ሰኞው ጽዳት ያጠፉት ጊዜ ከመቶ ሰዓት በላይ ነበር፣ እሱን ግን የጻፈው የለም። እኔም ራሴ በሌላኛው ወንበር በነበርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ ግድግዳው ልናገር። የማዕከሉ የመቀመጫ አዳራሽ የኋላ ግድግዳ በአራት ዓመት ውስጥ በሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኞች ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ክሬም። ግድግዳው በየዓመቱ ቀለም የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከላይ ያለው አሸንዳ መጋጠሚያው ተላቅቆ የጣሪያው ውሃ በሙሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበቱ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ልስኑን ያሳብጠዋል፤ ቀለሙም እንደ ተቃጠለ ቆዳ እየተላጠ ይረግፋል። የሚያስፈልጉንን ነገሮች ዝርዝር ለሦስቱም ድርጅቶች በጽሑፍ ሰጥተናል፤ በሦስቱም ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው የአሸንዳ ጥገና ነበር። አንደኛው ድርጅት መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው ጥገና የሌላ በጀት ርዕስ መሆኑን ገለጸልን። የሦስተኛው አስተባባሪ የሰጠችኝ መልስ ግን ቢያንስ ቅን ነበር፤ «አርባ ሰው አሸንዳ ላይ አይወጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም በቦታዋ ብሆን ኖሮ ያንኑ እል ነበር፤ ደግሞም በቦታዋ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ኩባንያ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ማዋል ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ ክርክሩ የተካሄደው ሁልጊዜ በሰጪው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሊፈርስ የተቃረበ አንድ የባቡር ኩባንያ ለሹማምንቱ የስጦታ ክፍያ ሊሰጥ ይችል እንደሆነ በመረመረበት ጉዳይ ላይ፣ ዳኛው ሎርድ ጀስቲስ ቦወን ኩባንያ ለጋስ መሆን የሚችለው ልግስናው ለኩባንያው ጥቅም እስካስገኘ ድረስ ብቻ መሆኑን አስረድተዋል። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ቫልቭና የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ የሚያመርተው ኤ.ፒ. ስሚዝ የተባለ ኩባንያ ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 1,500 ዶላር በመለገሱ ባለአክሲዮኖቹ ቅር ተሰኝተው በተሟገቱበት ጊዜ፣ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስጦታው ሕጋዊ ነው ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ በማኅበራዊ ኃላፊነት ስም የሚያወጣው ገንዘብ የራሱ ሳይሆን የባለአክሲዮኖች፣ የደንበኞች ወይም የሠራተኞች ገንዘብ ነው ብለው ተከራከሩ። እነዚህን ክርክሮች የሚያነብ ሰው ስለ ባለአክሲዮኑ መብት፣ ስለ ቦርዱ ሥልጣንና ስለ ኩባንያው መልካም ስም ብዙ ይማራል። ፕሪንስተን ያን 1,500 ዶላር ምን እንዳደረገበት ግን ከክርክሩ አያገኝም፤ የፍርድ ቤቱ ጥያቄ እሱ አልነበረምና።

ከዚህ ልማድ በጥቂቱም ቢሆን ወጣ ያለ ነገር ያየሁት በሕንድ ሕግ ውስጥ ነው። የሕንድ እ.ኤ.አ. የ2013 የኩባንያዎች ሕግ በአንቀጽ 135፣ በትርፍ፣ በሽያጭ ወይም በተጣራ ሀብት ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኙት አማካይ የተጣራ ትርፍ ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ኃላፊነት ሥራ እንዲያውሉ ያዛል። ሕጉ ለበጎ አድራጎት ግዴታን ማበጀቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ ልተወው። እኔን የሳበኝ የአገሪቱ የኩባንያ ጉዳዮች ሚኒስቴር በሰጠው ማብራሪያ ላይ የሚገኝ አንድ አጭር ሐሳብ ነው፤ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በማኅበራዊ ሥራ ማሳተፋቸው የሚበረታታ ቢሆንም፣ የሠራተኞቹ ነጻ አገልግሎት በገንዘብ ተተምኖ ከሚጠበቅባቸው ወጪ ላይ ሊታሰብላቸው አይችልም ይላል። ይህን የጻፈው ሰው አንድ ጊዜ በተቀባይ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ውሎ ያውቅ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ስለ ማስታወቂያው ረጅም መናገር አያስፈልገኝም፣ አንባቢ ያውቀዋል። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለበጎ አድራጎት 75 ሚሊዮን ዶላር ካወጣ በኋላ፣ ይህንኑ ልግስናውን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ለ100 ሚሊዮን ዶላር የማስታወቂያ ዘመቻ መነሳቱ በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። በእኔ የሥራ ዘመን የነበረው መጠን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ የባነሩ፣ የቲሸርቱ፣ የኮፍያውና የቪዲዮው ወጪ ከቀለሙ ዋጋ በልጦ ያገኘሁበትን ዓመት ግን አስታውሳለሁ። ያን ዓመት ሁለቱን ወጪዎች በአንድ የሒሳብ ርዕስ ሥር አጠቃልዬ «ለማኅበረሰብ የተደረገ ድጋፍ» ብዬ ሪፖርት አቅርቤያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሌላው ያልተከፈተ መዝገብ የሠራተኛው ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ አለካክ ባሳተመው መመሪያ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ማለት ክፍያ የሌለውና ግዴታ ያልሆነ ሥራ መሆኑን አስቀምጧል። ሁለተኛው ነጥብ ለኩባንያዎች ትልቅ ፈተና ነው። እኔ ባዘጋጀኋቸው ቀናት ጥሪው የሚተላለፈው «ፈቃደኛ የሆናችሁ ተመዝገቡ» በሚል ማስታወቂያ ነበር፤ ነገር ግን የመገኛ ዝርዝር ይዤ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ፣ ዝርዝሩም ሰኞ በየክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ታማሚ እናቷን የሚጠብቅላት ሰው የምታጣው ቅዳሜ ቅዳሜ መሆኑን ብትናገርም፣ ኃላፊዋ «ስምሽ ብቻ እንዳይጎድል» ስላላት ለሁለት ሰዓት ያህል መጥታ፣ ችግኝ ይዛ ፎቶግራፍ ተነስታ ሄዳለች። የራሷን እናት ጥላ የሰው አረጋውያንን ለመርዳት እንድትመጣ ማድረጋችንን ያስተዋልኩት ቆይቶ ነው። በጎ ፈቃድ ብለን የምንጠራው ነገር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ሲገባ በጎነቱ ቢተርፍ እንኳ ፈቃዱ አብሮ እንደማይኖር አምኖ መናገር ይሻላል።

በዚህ ረገድ የተሻለው መንገድ የሥራ ሰዓትን መስጠት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኩባንያው የሠራተኛውን ቅዳሜ ወስዶ በራሱ ስም ከሚለግስ የራሱን ማክሰኞ ቢለግስ ይቀላል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ቲምበርላንድ የተባለው ጫማ አምራች እ.ኤ.አ. በ1992 ለሠራተኞቹ በዓመት 16 ሰዓት የተከፈለበት የማኅበረሰብ አገልግሎት ጊዜ መስጠት ጀምሮ በኋላ ወደ 40 ሰዓት አሳድጎታል። ሴልስፎርስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመሠረት ከአክሲዮኑ፣ ከምርቱና ከሠራተኞቹ ጊዜ አንድ አንድ በመቶ ለማኅበረሰብ እንዲውል ደንግጎ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በትላልቅ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች በዓመት ሦስት የተከፈለባቸው የበጎ ፈቃድ ቀናት እንዲያገኙ በምርጫ ሰነዱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። የተከፈለበት ሰዓት በዓለም ሥራ ድርጅት ትርጉም መሠረት በጎ ፈቃድ ሊባል መቻሉ ያከራክር ይሆናል። ለተቀባዩ ግን ስሙ አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የመጣው ሰው ምን እንደሚያውቅና ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ነው።

ወደ አሸንዳው እንመለስ። በሦስተኛው ቅብ ቀን ከመጡት መካከል የድርጅቱ የጥገና ክፍል ባልደረቦች የሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እንደ ሌላው ሁሉ ቲሸርት ለብሰው፣ ሮለር ተሰጥቷቸው ክሬሙን ቀለም ይቀቡ ነበር። አንደኛው፣ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው፣ ሮለሩን ባልዲው ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይህ እኮ ውሃ ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ። ቀና ብሎ አየ፤ ጓደኛውን ጠራው፤ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን አቅንተው ሲነጋገሩ ቆዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ሰዓት በኋላ መሰላልና አዲስ ቆርቆሮ ይዘው መጡ፤ በሁለት ምሽት መጋጠሚያውን ጠገኑት፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ክረምቶች ግድግዳው አልተላጠም። በድርጅታቸው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የዚያ ቅዳሜ ፎቶግራፍ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጥቷል፤ ሁለቱ ምሽቶች ግን በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አልገቡም፤ ምክንያቱም የፕሮግራሙ አካል አልነበሩም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እነዚህ ሰዎች አሸንዳ መጠገን የሚችሉ መሆናቸውን በድርጅታቸው ውስጥ የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚሁ ነው። ሮለር የሰጣቸው ያው ድርጅት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አላየሁም። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ እሷም በአንድ የበጎ ፈቃድ ቀን ከመጡት መካከል የነበረች፣ የንብረት መዝገባችንን በአጋጣሚ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ እየመጣች ለአንድ ዓመት ያህል ከሒሳብ ሠራተኛችን ጎን ተቀምጣ ደረሰኞቹን በየርዕሳቸው ለየች፣ የወር መዝጊያ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረች፣ የቋሚ ንብረት ዝርዝራችንን ከመሬት ላይ አነሳችው። የውጭ ኦዲተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅሬታ አስተያየት ሰጠን፤ ይህም አስተያየት ባይኖር በሚቀጥለው ዓመት ያገኘነውን ድጋፍ ባላገኘነው ነበር። ከመሥሪያ ቤቷ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ የተሰጣት መልስ ጥያቄዋ «በበጎ ፈቃድ ቀን መርሐ ግብር ያልተያዘ» መሆኑ ነበር። የሙያ ማኅበራት በዚህ ረገድ ከኩባንያዎች ቀድመው ሄደዋል ማለት ይቻላል፤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ለአርአያነት ባወጣው የሥነ ምግባር ደንቡ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት እንዲጥር ያሳስባል። ጠበቃው የሚለግሰው ጥብቅናን ነው። የፍርድ ቤት ቅጥር እንዲቀባ የጠየቀው የለም።

በሌላ በኩል አንባቢ ሊለኝ የሚችለውን አውቃለሁ፤ የመጣ እንግዳ እንዲህ ከተተቸ ነገ ማን ይመጣል ሊለኝ ይችላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ለእኛም ቢሆን ከእነዚያ ቅዳሜዎች የተገኘ ነገር ነበር፤ ጠጋኞቹንም ሆነ የሒሳብ ባለሙያዋን ያገኘናቸው ሮለር ይዘው በመጡበት ቀን ነው። አረጋውያኑም አዲስ ፊት ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ አንድ የቀድሞ መምህር ቅዳሜ የሚመጡትን ወጣቶች ሁሉ ሰዋስው ይጠይቃቸው ነበር፣ በሳምንቱ መካከልም መልሳቸውን እያነሳ ይስቅ ነበር። ስለዚህ የበጎ ፈቃድ ቀን ይቅር አልልም። መቅረት ያለበት ቀኑ ራሱ ግብ ሆኖ፣ ተቀባዩ ለዚያ ቀን ድምቀት የሚያገለግል ስፍራ የሚሆንበት አሠራር ነው።

ኩባንያዎች ቢሰሙኝ የምጠይቃቸው ከባድ ነገር አይደለም። ቀኑን ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ሰው ብቻ፣ ያለ ካሜራ፣ ተቀባዩ ግቢ ሄዶ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አብዛኛው ነገር ይታየዋል። በሠራተኞቻቸው መካከል ቧንቧ የሚያውቅ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ውል የሚያነብ፣ መኪና የሚጠግን ማን እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍላቸው በእጁ ባለው ዝርዝር ያውቀዋል፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አራት ሰው ለአሥር ጊዜ መላክ አርባ ሰው ለአንድ ጊዜ ከመላክ እጅግ ይበልጣል፣ የሰዓቱ ድምር ግን ያው ነው። አርባ ሰው መላክ ግድ ከሆነም፣ የማስተናገጃውን ወጪ፣ ማለትም የተጠሩትን ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የባለሙያውን ዋጋና የጽዳቱን፣ ከስጦታው ጋር በገንዘብ ቢከፍሉ ውርደት የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምንም ነገር ያልተለየ ጥቂት ገንዘብ ቢሰጡ ይመረጣል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የአስተዳደር ወጪ በጥርጣሬ የሚያዩ የኩባንያ ኃላፊዎች ብዙ አሉ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የማዕከሉ የመብራት ክፍያና የጥበቃ ደመወዝ «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ ከድጋፍ ሲሰረዝ፣ የኩባንያው የራሱ መብራትና ጥበቃ ግን የሥራ ማስኬጃ ይባላል። ለዚህ ልዩነት እስካሁን ምክንያት የነገረኝ የለም።

ለጋዜጣችሁ ያለኝ ልመና ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ዘገባ ስትሠሩ ተቀባዩን ለብቻው፣ የኩባንያው ሰዎች በሌሉበት፣ አነጋግሩት፤ ሰጪው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ከምስጋና በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። በመጀመሪያ ምን ጠይቆ እንደነበር፣ ለዚያ ቀን ከራሱ ምን እንዳወጣ ጠይቁት። ከተቻለም ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ግድግዳ አንሱት። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቦታዬን የያዘችው ባልደረባዬ ግን ዘጋቢያችሁን ለመቀበልና ያኔ የያዝኩትን የማስታወሻ ደብተር ለማሳየት ፈቃደኛ መሆኗን ነግራኛለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ እንዳይሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ